ዓይን ጨፍኖ ስለሚሰጥ የብየዳ ሥልጠና

ለተከበሩ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ዲን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬን ከወንበርዎ ሳይነሱ እንዲቀበሉኝ እየለመንኩ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ ለጉልበትዎ ብርታት፣ በተለይም ለሁለቱ ዓይኖችዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ከአካልዎ ሁሉ ዓይንዎን ለይቼ የመረቅሁበት ምክንያት ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ከታገሱት ይገባዎታል፤ ካልታገሱት ደግሞ ምርቃቱ እንዲሁ ይቀመጥልዎ።

እኔ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከጎሚስታው ቀጥሎ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በርና መስኮት ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ከአንድ አለቃዬ ሲሆን፣ አለቃዬ በቤቱ ጭምብል የሚባል ነገር ስላልነበረው ኤሌክትሮዱን ከብረቱ ሊያገናኝ ሲል «ጨፍኑ!» ብሎ ይጮህ ነበር። እኔም ይህንኑ ወርሼ፣ ልጅ ያዘለችውንም ሸክም የያዘውንም፣ በደጄ የሚያልፈውን ሁሉ በአንድ ጩኸት እያስጨፈንኩ ስለኖርኩ ሰፈሩ እናትና አባቴ ያወጡልኝን ስም ረስቶ ጋሽ ጨፍኑ ይለኛል። ሁሉም ሲጨፍን ግን አንድ ሰው መጨፈን አይችልም፤ እሱም በያጁ ነው። ጭምብል የገዛሁት ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነውና፣ ዛሬ ቀኝ ዓይኔ ሰውን ከጥላው አይለይም፤ ግራው ደክሞም ቢሆን ይሠራል። ስለዚህ ይህንን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው ልጄ ናት። የጨዋ ቃል ካገኙበት የእሷ፣ የሚጎረብጥ ካገኙበት ደግሞ የእኔ መሆኑን ይወቁልን።

ይህችን ልጅ «ዓይኔ» እያልኩ ነው ያሳደግኋት። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን የመስኮት ማጠፊያ እንድታስይዝልኝ ኤሌክትሮዱን ሰጥቻት፣ ከአለቃዬ የወረስኩትን ያንኑ ትምህርት፣ ጨፍነሽ ጀምሪ፣ ሲያያዝ ትገልጫለሽ ብዬ አስተማርኳት። በማግስቱ ጠዋት ግድግዳ እየዳሰሰች ከክፍሏ ወጥታ «አባዬ፣ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ አለ» አለችኝ። ሁለት ቀን መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ዓይኗ ላይ ጥላ ስትተኛ፣ እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ የገዛ እጄን ሳይ ዋልኩ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ዓይኗ ተመለሰ፤ የሚገርመው የሙያው ፍቅርም አብሮ መመለሱ ነው። አሁን ትምህርቷን ጨርሳ በያጅ ካልሆንኩ ስላለች፣ እናቷም እኔም ተመካክረን ትማረው፣ ግን ከእኔ ሳይሆን ጭምብል ካለበት ቤት ትማረው ብለን ወሰንን። እንግዲህ ለእኛ ቤት ኮሌጅ መምረጥ ማለት የልጃችንን ዓይን በአደራ የምንሰጠው ሰው መምረጥ ማለት ነው።

ልጄም ደብተሯ ላይ ሠንጠረዥ አስምራ በክልላችን ብየዳ እናስተምራለን የሚሉትን ሦስት ኮሌጆች አሰፈረች። የመጀመሪያው የብየዳ ክፍሉን ዘግቶ የጸጉር ሥራ መጀመሩን ነግሮን፣ ለሴት ልጅ ይህ እንደሚሻል መክሮ፣ ሁለቱም በጋለ ብረት የሚሠሩ ሙያዎች ናቸው ብሎ አጽናናን። የሁለተኛውን አድራሻ ይዘን ስንደርስ የአሮጌ ሶፋ መጋዘን ሆኖ አገኘነው፤ መጋዘን ጠባቂውም ኮሌጅ የሚጠይቁ ሰዎች በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እንደሚመጡና እሱም እንደሚያዝንላቸው ገለጸልን። ሦስተኛው የእርስዎ ነው። የእርስዎ ኮሌጅ በቦታው አለ፤ ይህንን በመጀመሪያ ደረጃ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

የምዝገባ ቅጽዎ «አንድ ጊዜ የመረጠ ሠልጣኝ በማናቸውም ምክንያት ምርጫውን መለወጥ አይችልም» ይላል፤ ከሥሩም የወላጅ ፊርማ ይጠይቃል፤ የሚመለሰውም እስከ ዓርብ ነው። ጋብቻ እንኳ እንዲህ ያለ ቃል አላስገባኝም፤ ይህንን ሳስጽፍ ሚስቴ እየሰማች ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና የልቤን ጥርጣሬ በቁጥር አድርጌ ማቅረብ ግድ ሆነብኝ።

አንደኛ። ስለ በራሪ ወረቀትዎ ውበት ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። በፊት ገጹ ላይ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሠልጣኝ ጎንበስ ብሎ ሲበይድ፣ ብልጭታውም እስከ ወገቡ ሲረጭ ይታያል። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናትና ሥዕሉን አንድ ጊዜ አይታ ቱታው ከእጥፉ ከወጣ ሩብ ሰዓት እንኳ እንዳልሞላው ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ወረቀቱን ወደ ግራ ዓይኔ አስጠግቼ ስመረምረው፣ ልጁ በእጁ የያዘው የኤሌክትሮድ መያዣ እንጂ በመያዣው ላይ ኤሌክትሮድ የሚባል ነገር የለም። ኤሌክትሮድ ሳይኖር ብልጭታ የሚያወጣ ብየዳ በሠላሳ አንድ ዓመት ገጥሞኝ ስለማያውቅ፣ ኮሌጅዎ ከዘመኑ ምን ያህል ቀድሞ እንደሄደ ተረዳሁ። ልጄም የመያዣውን ገመድ በጣቷ ተከትላ ሄዳ ጫፉ ማሽን ላይ ሳይሆን የጠረጴዛው እግር ላይ ታስሮ አገኘችው። እንዲህም ሆኖ፣ ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ እንዳይሆንብኝ ብዬ፣ ባለፈው ማክሰኞ ልጄን ይዤ ከደጅዎ ደረስኩ።

ሁለተኛ። ወረቀትዎ ከመቶ ተመራቂዎችዎ ዘጠና ስምንቱ «በሠለጠኑበት ሙያ» ሥራ መያዛቸውን ይናገራል። ይህ እውነት መሆኑን ከበሩ ሳልርቅ አረጋግጫለሁ። ቦርሳችንን የፈተሸን የጥበቃ ሠራተኛ ትሑት ወጣት ነበርና፣ ጨዋታ ስንጀምር የዛሬ ሁለት ዓመት ከዚሁ ኮሌጅ በብየዳ በማዕረግ የተመረቀ መሆኑን አጫወተኝ። ታዲያ አንተ ከሁለቱ ነህ ወይስ ከዘጠና ስምንቱ ብዬ ብጠይቀው፣ ምንም ሳያፍር፣ «ከዘጠና ስምንቱ ነኝ አባቴ፤ የምጠብቀው በር የብረት ነው» አለኝ። የዚያ በር የላይኛው ማጠፊያ ብየዳው ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ለምን እንደማይበይደው ብጠይቀው ማሽን መንካት እንደማይፈቀድለት፣ ሠልጣኝ በነበረበት ጊዜም እንዳልተፈቀደለት ነገረኝ። ልጁ ላይ አልሳቅሁም። የሰው ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማያውቀው ሙያው ፊት ለፊት ቆሞ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ማየት ያሳዝናል።

ሦስተኛ። ወደ ወርክሾፑ ስንገባ ስድስት አዳዲስ የብየዳ ማሽኖች ተደርድረው ስላየሁ በደስታ እጄን ዘርግቼ ብዳስሳቸው ከፋብሪካ የመጡበት ፕላስቲክ አልተገፈፈላቸውም። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው እንዳይበላሹ ነው አለን። በእውነት ያልተነካ ነገር አይበላሽም፤ ልጄንም በዚህ ዘዴ ባሳደግኋት ኖሮ ዛሬ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ሰባተኛው፣ አሮጌው፣ የሚሠራው ነው። በዙሪያው አርባ ሠልጣኞች ቆመዋል፤ ጭምብል ያለው አሠልጣኙ ብቻ ነው። አሠልጣኙ ጭምብሉን አጥልቆ ኤሌክትሮዱን አነሳና፣ ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የሟች አለቃዬን ድምፅ በኮሌጅዎ ውስጥ ሰማሁት። «ጨፍኑ!» አለ።

አርባውም ጨፈኑ። እኔም ከልማድ ጨፈንኩ። ያልጨፈነችው ልጄ ብቻ ነበረች፤ እሷ ጀርባዋን ለብርሃኑ ሰጥታ ፊቷን ወደ ሠልጣኞቹ አዙራ ነበርና፣ ያየችውን በኋላ መንገድ ላይ ነገረችኝ። አርባ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ የብየዳን ድምፅ በጥሞና ያዳምጣል። ከኋላ የቆመው አንዱ ትጉህ ደግሞ እንደጨፈነ ማስታወሻ ይጽፋል። ብርሃኑ ሲጠፋ ገለጡ፤ ብረቱ ተያይዟል፤ አሠልጣኙ ገባችሁ ወይ ሲል በአንድ ድምፅ አዎ አሉ። «መቶ በመቶ የተግባር ሥልጠና» የሚለው ቃልዎ የገባኝ ያኔ ነው። ተግባሩ የአሠልጣኙ ነው፤ የሠልጣኙ ድርሻ እምነት ነው። ሌላው ዓለም ብየዳን በዓይንና በእጅ ሲያስተምር በጆሮ ማስተማር የቻለ ኮሌጅ በክልላችን መኖሩ ኩራት ቢያሳድርብኝ ባልከፋኝ ነበር። ልቤ ግን ስንጥቅ አለ። እኔ በድንቁርናዬ በአንዲት ልጄ ላይ የሠራሁትን፣ ማኅተም ያለው ቤት በአርባ የሰው ልጆች ላይ ሲሠራው አየሁ።

ከዚህ ወዲያ አንድ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ተጨማሪ ጭምብል በጽሑፍ ከጠየቀ ሦስተኛ ዓመቱ መሆኑን አንሾካሹኮ፣ አደራ እንዳልጠቅሰው ለምኖኛል። ማን እንደሆነ አልናገርም። ዓይኔ ስለደከመ ጽዳት ሠራተኛውም ሊሆን ይችላል።

አራተኛውን ቅሬታ ልጄ አልጽፍም ስላለች ትቼዋለሁ። ስለ መጸዳጃ ቤቱ እንደነበር ግን ይገምቱ።

አምስተኛ። በቢሮዎ ስላደረጉልኝ አቀባበል ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ እንደኔ ያለ ሰው ለስላሳ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወዲያው መጠራጠር ይጀምራል እንጂ ወንበሩስ ግሩም ነበር። ያየሁትን ሁሉ ባቀርብልዎ፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ክፍተቶች እንዳሉብን እናምናለን፤ ደረጃ በደረጃ እንሞላቸዋለን» አሉኝ። ይህንን ቃል በየቢሮው እሰማዋለሁ፤ የእኛ ሙያ ቃል መሆኑን ግን የሚያውቅ የለም። በብየዳ ሁለት ብረት ሳይገጥም ሲቀር በመካከሉ ያለው ክፍተት ይባላል። እውነተኛ በያጅ ብረቱን እንደገና ቆርጦ ያስተካክላል። ሌባ በያጅ ክፍተቱ ውስጥ ስባሪ ኤሌክትሮድ ይጎዘጉዝበትና ከላይ አልብሶ፣ ሞርዶ፣ ባለቤቱ ሳይመጣ ቀለም ይቀባዋል። እኔም በወጣትነቴ አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ በሩ በሦስተኛው ወር ወልቆ የባለቤቱ እግር ላይ ወደቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ክፍተት እንሞላለን ሲለኝ እግሬን እሰበስባለሁ፤ ቢሮዎ ውስጥ እግሬን ወደ ወንበሩ ሥር ስስብ አይተውኝ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። በነገራችን ላይ ስለ ዘጠና ስምንቱ ተመራቂዎች «ዓይን ያወጣ ውሸት» የሚል ቃል አስጽፌ ነበር፤ ልጄ ሠርዛ «ክፍተት» ልታደርገው ስትል ሁለቱንም አስወጣኋቸው።

ስድስተኛና ዋናው። ጥርጣሬዬ እንዳልበረደ ተመልክተው፣ ደግነትዎ ገፋፍቶዎት ያንን ብቸኛ ጭምብል ከወርክሾፑ አስመጡልኝ። ደረጃውን የጠበቀ መሆኑንም በራስዎ አንደበት መሰከሩልኝ። እኔም ፈቃድዎን ጠይቄ ጭምብሉን ፊቴ ላይ አጠለቅሁት።

ክቡር ሆይ፣ ለማያውቅ ልንገር። የእውነተኛ የብየዳ ጭምብል መስታወት ቤት ውስጥ ሲያጠልቁት ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሰው አይታይም፣ ጠረጴዛ አይታይም፣ የበራ አምፖል እንኳ የክብሪት ጫፍ አክሎ ቢታይ ነው። እኔ ግን በዚያ ጭምብል ውስጥ፣ በዚህች በደከመች ግራ ዓይኔ፣ እርስዎን አየሁዎት። ፈገግታዎን አየሁ። የከረባትዎን ቋጠሮ አየሁ። ከኋላዎ የተሰቀለውን የምስጋና ወረቀት ወርቃማ ፍሬም አየሁ። ብዋሽ የቀረችኝን አንዷን ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ደንግጬ፣ ይታዩኛል እኮ፣ አይዎታለሁ ብል፣ እርስዎ እጅዎን እያወዛወዙ በኩራት «አዩ አይደል? ጥርት አድርጎ ነው የሚያሳየው!» አሉኝ።

የሰውን ዓይን ጥርት ባለ መስታወት አጋልጦ የሰጠ ሰው በመስታወቱ ጥራት ሲመካ ምን ይባላል? ልጄ ከእጄ ተቀብላ ብትመረምረው፣ የመጀመሪያው መስታወት ተሰብሮ በምትኩ ጠቆር ያለ የመኪና መስኮት ተቆርጦ ገብቶበታል። እንግዲህ ሲያስቡት፣ ከዚያ ወርክሾፕ ዓይኑ ተርፎ የሚወጣው የጨፈነው ሠልጣኝ ነው። ገልጦ የሚሠራው አሠልጣኝ ግን በየቀኑ ወደ እኔ ጨለማ እየመጣ ነው። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ ገብቶ እንደሆነ ጠርተው ቢጠይቁት ምንኛ ባስደሰተኝ።

ቤቴ ስገባ ቅጹን አጥፌ የስፌት ማሽኑ ሥር ከተትኩትና ነገሩ አብቅቷል አልኩ። ልጄ ከእራት በኋላ ቅጹን አወጣችው፤ ሁሉንም ሞልታለች፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። ያንን ሁሉ አይተሽ እንዴት ትገቢያለሽ ብላት፣ «አባዬ፣ እኔ መስታወቱን አውቀዋለሁ፤ እነዚያ ልጆች አያውቁትም» አለችኝ። ሌላ ኮሌጅ የለም፣ ያለዚያ ወረቀት ደግሞ ሥራ የሚሰጣት የለም፣ ስለዚህ ያንተን ጭምብል ይዤ እገባለሁ አለች።

ክቡር ሆይ፣ የምፈራው ይህንኑ ነው። ልጄን አውቃታለሁ። አርባ ሰው በቆመበት እሷ ብቻ ጭምብል አጥልቃ መቆም አትችልም። በመጀመሪያው ቀን ለአጠገቧ ልጅ ታውሰዋለች፣ ያቺም ለሌላዋ ታሳልፈዋለች፣ የእኔ ጭምብል ክፍሉን ሲዞር የእኔዋ «ዓይኔ» ጨፍና ትቆማለች። ወይም እልኸኛ ናትና ሳትጨፍን ትቆማለች። ሁለቱንም ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

እንዲህም ሆኖ ትናንት ፈረምኩ። ስሜ ጋሽ ጨፍኑ ቢሆንም የፈረምኩት ዓይኔን ገልጬ ነው፤ ይህንንም በግልጽ ያሳወቅሁዎ ቀጥሎ የማደርገውን እንዲያውቁት ነው። ሥልጠናው በሚጀመርበት ዕለት ጠዋት፣ ሚስቴ ያጠበችልኝን ኮት ለብሼ፣ ከቢሮዎ ፊት እገኛለሁ። ለአዲሶቹ አርባ ሠልጣኞች አርባ ጭምብል እንዲያቀርቡልኝ እለምናለሁ። በዚያ በለስላሳው ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ እያጠለቅሁ ወደ እርስዎ እመለከታለሁ። ከአንዱም ጭምብል ውስጥ ፈገግታዎን ካየሁ፣ የልጄን እጅ ይዤ እወጣለሁ፤ በመውጫዬም ይህንን ደብዳቤ ለሠላሳ ዘጠኙ ወላጆች በበሩ ላይ አነብላቸዋለሁ፤ ጠባቂው በር እንደሚከፍትልኝ ተስማምተናል። ካላየሁዎት ግን ጎንበስ ብዬ ጉልበትዎን እስማለሁ። የተከበሩ ሆይ፣ ፈጣሪ ያን ቀን ጨርሶ እንዳላይዎት ይርዳኝ።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ላሳዩኝ ትሕትና፣ ጥርት አድርጎ ለሚያሳየው መስታወትዎ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ዓይንዎም ከወንበርዎ ባልተናነሰ እንዲጸናልዎ ከልብ በመመኘት፣

አንድ ዓይኑን በሙያው፣ ሌላውን በልጁ ላይ ያደረገ፣
የምንጊዜም አክባሪዎ
ጋሽ ጨፍኑ፣ በያጅ
ከጎሚስታው ቀጥሎ

ግልባጭ፦
ከልጄ ጋር ለሚመዘገቡት የሠላሳ ዘጠኝ ሠልጣኞች ወላጆች (ፈገግታዎ ከታየ ብቻ፣ በበሩ ላይ በንባብ)
በብየዳ በማዕረግ ለተመረቀው የበር ጠባቂ
ለጽዳት ሠራተኛው፣ ወይም እሱን ለመሰለኝ ሰው

ማስታወሻ። ለራሴ ጭምብል በትርፍነት ያስቀመጥኩትን አንድ እውነተኛ የብየዳ መስታወት በጨርቅ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ለሌሎቹ ሠላሳ ዘጠኝ ሲታዘዝ ናሙና ይሆንዎታል። ትክክለኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ዓይንዎ ላይ ያድርጉትና ከቢሮዎ መስኮት ወደ ወርክሾፑ ይመልከቱ። ምንም አይታይዎትም። ለእርስዎ አዲስ ነገር ስለማይሆን የአጠቃቀም መመሪያ አላያያዝኩም።